የብሪታንያና የአሜሪካ ሙዚቃ በአንድ ምሽት፤ ስለ ኦርኬስትራ ፕሮግራም አደራደር

የኦርኬስትራ ፕሮግራም ታትሞ ሲታደል አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው እንደ ዝርዝር ነው፤ የደራሲው ስም፥ የድርሰቱ ርእስ፥ ዕረፍቱ የሚውልበት ቦታ። ነገር ግን ዝርዝር ብቻ አይደለም። የትኛው ድርሰት ከየትኛው በኋላ እንዲሰማ የወሰነ ሰው ስለ ሙዚቃው ታሪክ አንድ ነገር ተናግሯል፤ አድማጩም ያንን ንግግር ሳያውቀው ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኻያኛው ምዕት ዓመት የብሪታንያና የአሜሪካ ሙዚቃ በአንድ ምሽት ሲቀርብ የተለመደው አደራደር የሚናገረው ግን እውነት አይደለም።

ልማዱ እንዲህ ነው። ከዕረፍቱ በፊት ብሪታንያ፥ ከዕረፍቱ በኋላ አሜሪካ ይሰለፋሉ፤ በመጀመሪያው ክፍል ኤልጋር ወይም ዋልተን፥ በሁለተኛው የባርበር «አዳጆ»፥ ከዚያም ገርሽዊን ወይም ኮፕላንድ። ሐሳቡ ሁለቱ ሕዝቦች የተለያየ መንፈስ አላቸው፥ አንዱ የቆየ ሌላው አዲስ ነው የሚል ነው። የድርሰቶቹ የልደት ታሪክ ይህን አይደግፍም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የዋልተን የቫዮሊን ኮንቸርቶ በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በኦሃዮ በክሊቭላንድ ከተማ ነው፤ ያስጻፈውም የተጫወተውም በሩሲያ ግዛት ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነው ያሻ ሃይፌትዝ ነበር። በለንደን የተወለደውና አባቱ የሴራሊዮን ሐኪም የነበረው ሳሙኤል ኮለሪጅ ቴይለር በ1910 «ባምቡላ» የተባለውን ራፕሶዲ ያቀረበው በኮነቲከት በሚደረግ የሙዚቃ በዓል ላይ ነው፤ የዜማው መሠረት ደግሞ ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች የመጣ ነው። ፐርሲ ግሬንጀርስ በየትኛው ባንዲራ ሥር ይቀመጥ? አውስትራሊያ ተወለደ፤ ከ1901 እስከ 1914 ለንደን ኖረ፤ በ1906 በሊንከንሸር የባላገሮችን ዘፈን በፎኖግራፍ ቀዳ፤ በ1918 የአሜሪካ ዜጋ ሆነ።

ይሁን እንጂ የሁለቱ ባንዲራዎች አደራደር ትልቁ ጉዳት በዜግነት መሳሳቱ አይደለም። ለሕዝብ ባህል ጥናት ተማሪ የሚከብደው፥ ሙዚቃው ከማን አፍ እንደ ተወሰደ፥ ወይም ከማንም አፍ እንዳልተወሰደ፥ ሸፍኖ መተዉ ነው። ከባንዲራው ይልቅ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርጎ ቢደረደር ምሽቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ለዚህ አራት ድርሰቶች ይበቃሉ፤ እነርሱም የቮን ዊልያምስ የመጀመሪያው «የኖርፎክ ራፕሶዲ»፥ የዊልያም ግራንት ስቲል «አፍሮ አሜሪካን ሲምፎኒ»፥ የኮፕላንድ «አፓላችያን ስፕሪንግ»፥ በመጨረሻም ከቤንጃሚን ብሪተን «ፒተር ግራይምስ» ኦፔራ የተወሰዱት የባሕር መሸጋገሪያ ሙዚቃዎች ናቸው።

ራልፍ ቮን ዊልያምስ ከ1903 ጀምሮ በእንግሊዝ ገጠር እየተዘዋወረ ከ800 በላይ ዘፈኖችን ሰብስቧል። በጥር ወር 1905 በኖርፎክ ወደብ በኪንግስ ሊን ከተማ ሳለ ጄምስ ካርተር የተባለ ዓሣ አጥማጅ «የካፒቴኑ ተለማማጅ» የሚባለውን ዘፈን አሰማው። ዘፈኑ ከድኾች መጠለያ ወጥቶ ሥራ እንዲለምድ በአደራ የተሰጠውን ልጅ በመርከቡ ላይ አሠቃይቶ የገደለ የአንድ ካፒቴን ኑዛዜ ነው። ቮን ዊልያምስ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰብሳቢዎች ከግጥሙ ይልቅ ለዜማው ያደላ ነበር። በ1906 በለንደን የተሰማው ራፕሶዲም ይህን ዜማ ለብቸኛ ቪዮላ ሰጠው፤ ዙሪያውን ያሉት መሣሪያዎች እንደ ጠዋት ጭጋግ ዝቅ ብለው ሲቆዩ ቪዮላው ብቻውን ይዘምራል። ከዚያ የመርከበኞች ዘፈኖች ተከትለው ኦርኬስትራውን ያነቃቁታል፤ ደራሲው በኋላ ባሻሻለው ቅጂ ግን ድርሰቱ እንደ ጀመረ በጸጥታ ይዘጋል። እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ማማሩም ራሱ አንድ ነገር ይሸፍናል። አድማጩ ሐዘኑን ይሰማል፤ የሐዘኑን ምክንያት፥ ማለት የሞተውን ልጅ፥ አይሰማም። ያለ ግጥሙ የቀረው ዜማ የባሕር ዳር ሥዕል ይመስላል።

ምሽቱን በብሪተን መፈጸም የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። «ፒተር ግራይምስ» የቆመበት ታሪክ ከዚያው ከምሥራቅ እንግሊዝ ጠረፍ፥ በኦልድበራ ከተማ ከተወለደው ከጆርጅ ክራብ የ1810 ረጅም ግጥም የተቀዳ ሲሆን፥ የሚናገረውም በእጁ ያሉ ተለማማጅ ልጆች ስለሚሞቱበት ዓሣ አጥማጅ ነው። ብሪተን ክራብን ያገኘው በ1941 በካሊፎርኒያ ሳለ ነው። ኦፔራውን እንዲጽፍ አንድ ሺሕ ዶላር የሰጠው የቦስተን ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ነው፤ በ1945 በለንደን ከታየ በኋላም በሚቀጥለው ዓመት በማሳቹሴትስ በታንግልዉድ በሌነርድ በርንስታይን መሪነት ቀረበ። እጅግ እንግሊዛዊ ከሚባሉት የምዕት ዓመቱ ሥራዎች አንዱ የሆነው ይህ ኦፔራ በአሜሪካ ተፀንሶ በአሜሪካ ገንዘብ ተወለደ ማለት ነው።

በትዕይንቶቹ መካከል የሚሰሙት አራቱ የባሕር ሙዚቃዎች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይቀርባሉ። ለዚህ ፕሮግራም ግን ያለ «ፓሳካሊያ»ው ሊቀርቡ አይገባም። ፓሳካሊያ ማለት በወፍራም ድምፅ ሳያቋርጥ በሚደጋገም አንድ አጭር ዜማ ላይ የሚገነባ ድርሰት ነው፤ በዚህኛው ላይ ከመሠረቱ በላይ ብቅ የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ የብቸኛ ቪዮላ ድምፅ ነው። ልጁ በኦፔራው ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አይናገርም፤ ከገደል ሲወድቅ ብቻ ይጮኻል። ስለ እርሱ የሚናገርለት ቪዮላው ነው። ስለዚህ በምሽቱ መጀመሪያ በካርተር ዜማ የተሰማው መሣሪያ በመጨረሻው ሰዓት ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የጠፋው ልጅ ይገኛል። ይህ ግንኙነት የደራሲዎቹ ሳይሆን የፕሮግራም አዘጋጁ ነው፤ አዘጋጁም እንዲሁ ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። አንዳንድ የኦርኬስትራ መሪዎች እንደሚያደርጉት ፓሳካሊያውን ከማዕበሉ ሙዚቃ በፊት ማስገባት ከሁሉ ይሻላል፤ ማዕበሉ የምሽቱ መዝጊያ ይሆናልና።

በመካከል የሚቀርቡት ሁለቱ አሜሪካውያን ሥራዎች ጥያቄውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስዱታል። የቮን ዊልያምስ ራፕሶዲ በጸጥታ ሲዘጋ የስቲል ሲምፎኒ በኮር አንግሌ ብቸኛ ድምፅ ይከፈታል፤ ለጆሮ ከዚህ የተሻለ መሸጋገሪያ በፍለጋ አይገኝም። ወዲያው ድምፁ የታፈነ ትራምፔት የብሉዙን ዜማ ያነሣል። አድማጩ ከራፕሶዲው የመጣ ስለ ሆነ ይህንንም ዜማ ማን ዘፍኖት፥ የት ተሰብስቦ እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ማንም፥ የትም የሚል ነው። በሚሲሲፒ ተወልዶ በአርካንሳስ ያደገውና በወጣትነቱ ለደብልዩ ሲ ሃንዲ ሙዚቃ ያቀናብር የነበረው ስቲል የብሉዝን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቀው ነበር፤ ለሲምፎኒው ግን የተዋሰው ዜማ የለም፥ በሥርዓቱ የራሱን ደረሰ። ብሉዝ በዝቅተኛነት ይታይ በነበረበት ዘመን ለትልቅ ድርሰት የሚበቃ መሆኑን ለማሳየት አሰበ፤ ለአራቱም ክፍሎች የፖል ሎረንስ ደንባርን ስንኞች መግለጫ አድርጎ ሰጠ፤ በሦስተኛው ክፍል ባንጆን ከኦርኬስትራው መካከል አስቀመጠ። ስለዚህ ሲምፎኒው በጥቁሮች የሕዝብ ዘፈኖች ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ በፕሮግራም ላይ መጻፍ በትሕትና የተሸፈነ ንቀት ነው፤ የደራሲውን ፈጠራ ነጥቆ ስም ለሌለው ሕዝብ ይሰጣልና። በ1930 ተጽፎ በ1931 በሮቸስተር ከተማ በሃዋርድ ሃንሰን መሪነት ተሰማ። (ሠላሳ ዓመት ያህል ቈይቶ አሸናፊ ከበደ የተማረውም ሃንሰን ያስተዳድረው በነበረው በዚያው ከተማ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው።)

ኮፕላንድ ደግሞ ሦስተኛውን ዐይነት ግንኙነት ያሳያል፤ አሳሳቹም እርሱ ነው። ርእሱን ያነበበ ሁሉ ድርሰቱ ከአፓላችያን ተራራዎች የተለቀመ ይመስለዋል። ኮፕላንድ ግን ሙዚቃውን የጻፈው ለማርታ ግሬአም የዳንስ ጓድ ሲሆን፥ የራሱ መጠሪያ «ባሌት ለማርታ» የሚል ብቻ ነበር። ርእሱን ከሃርት ክሬን ግጥም አውጥታ የሰጠችው እርሷ ናት፤ ያውም ሙዚቃው ካለቀ በኋላ። በ1944 በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲታይ የተጫወቱት ዐሥራ ሦስት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የሚሰማው የትልቅ ኦርኬስትራ ቅጂ የ1945 ነው። በሙዚቃው የሚታወቀው ዜማ፥ አምስት ጊዜ መልኩን እየለወጠ የሚመላለሰው፥ የሼከሮች መዝሙር ነው። እርሱም ሽማግሌው ጆሴፍ ብራኬት በ1848 በሜን ግዛት የደረሰው፥ ማኅበርተኞቹ እየዞሩ የሚያሸበሽቡበት ነው። ባለቤቱ የታወቀ ዜማ ነው እንጂ ባለቤት የሌለው የሕዝብ ዘፈን አይደለም፤ ሜንም ከደቡባዊዎቹ አፓላችያን እጅግ ይርቃል። የማኅበሩ መሪ አን ሊ ተከታዮቿን ይዛ በ1774 ወደ ኒው ዮርክ የተሻገረችው ከማንቸስተር መሆኑ ደግሞ የባንዲራውን ክፍፍል አሁንም ያፈርሰዋል።

በእውነት በተራራዎቹ የተሰበሰበው ሌላ ነው። ሴሲል ሻርፕና ሞድ ካርፕለስ ከ1916 እስከ 1918 በዚያ አገር እየተዘዋወሩ ከሺሕ በላይ ዜማዎችን በጽሑፍ አስቀርተዋል። ሻርፕ መጽሐፉን የሰየመው ከደቡባዊ አፓላችያን የተገኙ የእንግሊዝ የሕዝብ ዘፈኖች ብሎ ነው፤ ዘፋኞቹ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ አሜሪካውያን ሳሉ ዘፈናቸው እንግሊዛዊ ተባለ። የፈለገው የእንግሊዝን ቅርስ ስለ ነበረ የተራራዎቹን ጥቁር ዘፋኞች ከሞላ ጐደል አልፏቸዋል። ከዚያ ስብስብ አንድም ዜማ በኮፕላንድ ድርሰት ውስጥ የለም። ይህን ማለት ድርሰቱን መንቀፍ አይደለም፤ ግልጽነቱና የድምፁ ስፋት በምዕት ዓመቱ ሙዚቃ ጥቂት አቻ ያለው ነው። ነቀፌታው የሚገባው ርእሱን እንደ ማስረጃ ለሚቈጥር የፕሮግራም ጸሐፊ ነው።

ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት ቃል ይበቃል። ራፕሶዲው 11 ደቂቃ፥ ሲምፎኒው 24 ያህል ይፈጃሉ፤ ከዕረፍቱ በኋላ ኮፕላንድ 24፥ ብሪተን ከነፓሳካሊያው 23 ይሆናሉ። በሐሳብ ቅደም ተከተል ቢሆን ኮፕላንድ ከስቲል መቅደም ነበረበት፤ ከተዋሰው ወደ ፈጠረው መሄድ ይቻል ነበርና። ነገር ግን ራፕሶዲውም የኮፕላንድም ሥራ በጸጥታ የሚያልቁ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ክፍል ደንዝዞ ይቀራል፤ እዚህ ላይ ጆሮ ሐሳብን ማሸነፍ አለበት። የስቲል ሲምፎኒ በፈጣን ክፍል ተዘግቶ አድማጩን ወደ ዕረፍት ይልካል፤ የኮፕላንድ መጨረሻ ጸጥታም በብሪተን «ንጋት» ከፍተኛ የቫዮሊንና የፍሉት ቀጭን ድምፅ ይቀጥላል። ለአንድ አጭር ክፍል ሲባል የባንጆ ተጫዋች መቅጠር ለገንዘብ ያዡ የሚያስቈጣ ነው፤ ባንጆውን ትቶ ማለፍ ግን ሲምፎኒውን መቅደድ ነው። የልምምዱ ሰዓት በብዛት የሚያስፈልገው ምቱ በየመስመሩ ለሚለዋወጠው ለኮፕላንድና ለማዕበሉ ነው። ባርበር የቀረው ስላልተወደደ አይደለም፤ «አዳጆ»ው ከሕዝብ ሐዘን ጋር እጅግ ስለ ተቈራኘ በአጠገቡ የሚቀመጠውን ሁሉ ይውጣል። አይቭዝ የራሱ ምሽት ይገባዋል።

የቀረው የታተመው ወረቀት ነው። ግሬንጀር በ1937 ለነፋስ መሣሪያዎች ጓድ በጻፈው የሊንከንሸር ድርሰት መቅድም ላይ ዜማዎቹን የሰጡትን ዘፋኞች በስማቸው ጠርቶ እያንዳንዱ ክፍል የዘፋኙ ሥዕል መሆኑን ተናግሯል። የኦርኬስትራ ፕሮግራሞች ይህን ሊከተሉ ይችሉ ነበር። ከራፕሶዲው ርእስ በታች፤ ኪንግስ ሊን፥ ጥር 1905፥ ጄምስ ካርተር፥ ዓሣ አጥማጅ። ከኮፕላንድ በታች፤ ጆሴፍ ብራኬት፥ ሜን፥ 1848። ከስቲል በታች የሌላ ሰው ስም አይኑር። ከብሪተን በታች የኩሴቪትስኪ ስም ይግባ፤ ከዚያም በፓሳካሊያው የሚጫወተው የቪዮላ ተጫዋች ስም፥ ምሽቱን በራፕሶዲው የከፈተው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ።