ድፍረትና መዝገብ፤ ስለ አምሃ ሪከርድስ መነሣትና መውደቅ

ማንኛውም የሙያ ቤት በሦስት ጥያቄ ይመረመራል። የመጀመሪያው፥ ሌላው የፈራውን ምን ደፈረ? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ለኋላ ሰው ምን ትቶ ሄደ? የሚል ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ይከብዳል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይኸውም፥ የደከመው ሰው የድካሙን ዋጋ አገኘ ወይ? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ አንድ የታወቀ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች ልመረምር አስቤአለሁ። ዘፈን የመዝናኛ ነገር ስለ ሆነ በግብረ ገብ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የለውም የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እባክህ እስከ መጨረሻው ታገሠኝ እለዋለሁ፤ በመዝናኛው ያልታመነ ሰው በቁም ነገሩም አይታመንምና። ዘመኑን የጻፍሁት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ከምናውቀው ነገር ልነሣ። በግንደወይንም ሆነ በቢቸናና በሞጣ ሠርግ ሲደገስ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ይመጣል። አወድሶም ሆነ ሸንቁጦ ይዘፍናል፤ የተወደሰውም ሰው ብሩን አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። በዚህ አሠራር ጸሐፊም ዳኛም አያስፈልግም፤ ድምፁና ዋጋው በአንድ ዳስ ውስጥ ፊት ለፊት ይገናኛሉና። ቢነፈግ እንኳ አዝማሪው ነፋጊውን በግጥም ነክቶ ፍርዱን እዚያው ያገኛል። ሸክላ በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ፈረሰ። አዲስ አበባ ላይ የተቀዳ ድምፅ ዘፋኙ ረግጦት በማያውቅ አገር ይሰማል፤ ሰሚውም ብሩን የሚለጥፍበት ግንባር አያገኝም። ድምፁ መንገዱን አውቆ ይሄዳል፤ ብሩ ግን የመመለሻ መንገዱን አያውቅም። ብሩን እየመራ ወደ ባለድምፁ እንዲመልስ አደራ የተሰጠው ሰው አሳታሚው ነው። ስለዚህ የአሳታሚ ዋና መሣሪያው የድምፅ መቅረጫው አይደለም፤ የሒሳብ መዝገቡ ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን ለግለሰብ የተፈቀደ አልነበረም። በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ በ1935 በጠላት ወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለማንቃት የተቋቋመ ስለ ሆነ ውለታው የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን መብት የተሰጠው ሁሉ በመብቱ ይሠራበታል ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ የክብር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍሎች ብዙ አዲስ ዜማ ሲያፈሩ፥ ከዚያ ሁሉ በሸክላ ታትሞ ለሕዝብ የደረሰው ጥቂት ነበር። በር የተሰጠው ሰው እርሱ ካልገባበትና ሌላውንም ካላስገባ፥ በሩ ከግድግዳ አይለይም።

ይህን በር የገፉት አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው ሙዚቀኛ አልነበሩም፤ የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጡ ባለሱቅና ሙዚቀኞችን የሚያሠሩ ሰው ነበሩ። በ1969 ድንጋጌው ሳይሻር የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀዱ፤ በአገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረም ቅጂውን ወደ ሕንድ ልከው አሳትመው አስመጡ። ኋላም በቤይሩት ያሳትሙ ነበር። ሸክላው በአደባባይ ተሸጠ፤ የተፈራው ቅጣት ግን አልመጣም። ይህን ያዩ ሌሎች ተከተሉ፤ ፊሊፕስ ኢትዮጵያ መጣ፥ ቀጥሎም የአቶ ዓሊ አብደላ ካይፋ ቤት ተከፈተ። የአምሃ ቤት እስከ 1975 ባሉት ስድስት ዓመታት ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ታላላቅ ሸክላዎችን አወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፥ መምህር፥ ሕግ መጣስን ታመሰግናለህን? ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ሕግ መጣስን አላመሰግንም። ነገር ግን በሥውር ከሚጥስና በግልጽ ከሚሟገት ሰው መካከል ልዩነት አለ። የኮንትሮባንድ ነጋዴ ስሙን ይደብቃል፤ አቶ አምሃ ግን የገዛ ስማቸውን በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ አተሙት። ስሙን ጽፎ የሚደፍር ሰው፥ ጥፋት ቢገኝብኝ እኔን ጠይቁ ማለቱ ነው። ደግሞም ድንጋጌው ሥራን ለመጠበቅ ወጥቶ ሥራን ማስቀሪያ ሆኖ ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ ቤቱ ሌላው የፈራውን ደፍሯል፥ ድፍረቱም የጨዋ ድፍረት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ ሥራዎቹን ራሳቸውን መስማት ያስፈልጋል። ሁሉም እኩል አይደሉም። አለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የወጣ ባለታላቅ ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን የአሜሪካኖቹን አጯጯህ ሲከተል አንዳንዴ በተዋሰው ካፖርት የሚንጎራደድ ይመስላል። ወደ አገሩ ቅኝት ሲመለስ ግን ካፖርቱን ጥሎ በጋቢው የተቀመጠ ያህል ያምርበታል። የግርማ በየነ ቅንብሮች ቁጥብነትን ያስተምራሉ፤ መሣሪያው ዘፋኙ ቃሉን እስኪጨርስ ይጠብቃል፥ እንደ ጨዋ ሰው ንግግር አይሻማም። ከእኛው ከጎጃም ምድር የተገኘው ሙሉቀን መለሰ በዚህ ቤት ሲቀዳ ገና ወጣት ነበር፤ በድምፁ ውስጥ ግን ያለ ዕድሜው የመጣ ኀዘን ይሰማል። ይኸው ሰው ኋላ ዘፈንን ትቶ ወደ መዝሙር ገባ፤ በ2024ም በአሜሪካ ዐረፈ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 በአምሃ ቤት ያሳተመው፥ የካቲት በሚል ስም የሚጠራው ሥራ ደግሞ ቃል ሳያስፈልገው በቅኝት ብቻ ይናገራል። የእነዚህ ሸክላዎች ዋና ፍሬ፥ ከሰልፍ ሜዳ የመጣው መለከትና ሳክስፎን ትዝታንና አምባሰልን፥ ባቲንና አንቺ ሆዬን መማሩ ነው። እንግዳ መሣሪያ የባለአገሩን ቋንቋ ተናገረ። ይህን በስድስት ዓመት ያስመዘገበ ቤት ለኋላ ሰው ትቶት የሄደው ጥቂት አይደለም።

የካቲት የተባለው ሥራ አብዮቱ የፈነዳበትን ወር ስም መያዙ ያስደንቃል፤ ቤቱን የዘጋው ያው አብዮት ነውና። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማታ የሚዘፈንባቸው ክበቦች ጨለሙ። ሙዚቀኛው ሌሊቱን ካጣ እንጀራውን አጣ ማለት ነው። አቶ አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደው በዋሽንግተን ከተማ የምግብ ቤት ከፈቱ። በአገር ቤትም የሸክላው ዘመን ቀስ በቀስ አልፎ የካሴት ዘመን ገባ። ካሴት ድኻው ሊገዛው የሚችል በመሆኑ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ማንም በየቤቱ ሊገለብጠው የሚችል ስለ ሆነ ብሩ ወደ ባለድምፁ የሚመለስበትን ቀጭን መንገድ ጨርሶ አጠፋው።

የዚህ ቤት ውድቀት ከውጭ የመጣ ነው። ከውስጥ የሚመጣ ውድቀት ምን እንደሚመስል ለመረዳት ወደዚያው ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዚያ አገር በ1970ዎቹ መጨረሻ ፓንክ የሚባል የወጣቶች ሙዚቃ ተስፋፍቶ ነበር። ጩኸቱ ብዙ፥ ዘፈኑ አጭር ነው፤ ለጆሮዬም አይመቸኝም። ነገር ግን እነዚህ ወጣቶች የታላላቅ ኩባንያዎችን ደጅ አንጠናም ብለው ሸክላቸውን ራሳቸው ማሳተማቸው ያስመሰግናቸዋል። በካሊፎርኒያ ግሬግ ጊን የተባለ ጊታር መቺ፥ ብላክ ፍላግ ለተባለው የሙዚቃ ጓዱ አሳታሚ ሲያጣ በ1978 ኤስ ኤስ ቲ የሚባል ቤት አቆመ። ቤቱ በ1980ዎቹ በአገሩ ከታወቁት ነፃ አሳታሚዎች ሁሉ በላይ ዝነኛ ሆነ። ኋላ ግን ሶኒክ ዩዝና ሚት ፓፔትስ የተባሉት ጓዶች ድርሻችን በአግባቡ አልተከፈለንም ብለው ተነሡ፤ በሕግ መንገድም የቀድሞ ሥራዎቻቸውን ከቤቱ አስወጡ። ሙዚቀኛ ያቆመው፥ ለሙዚቀኛ የቆመው ቤት፥ በሙዚቀኛ ተከሰሰ። ይህን ቤት የፈታው ሰዓት እላፊ አይደለም፤ በባልንጀሮች መካከል የተነሣ የሒሳብ ክርክር ነው።

አቶ አምሃ በተሰደዱባት በዋሽንግተን ከተማ ግን ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የተባሉ ሁለት ወጣቶች በ1980 ዲስኮርድ የሚባል ተመሳሳይ ቤት አቋቋሙ። ወጪው ከተነሣ በኋላ ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር ይካፈላሉ፤ ዋጋውንም ዝቅ ያደርጋሉ። በወረቀት ውል ሳይሆን በቃል መታመን ይሠራሉ። ቤታቸው ታላቅ ሀብት አላገኘም፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ቆሟል። እንግዲህ በአንድ አገር፥ በአንድ ዘመን፥ በአንድ ዓይነት ሙዚቃ የተነሡ ሁለት ቤቶች በድፍረት እኩል ነበሩ። የለያያቸው መዝገቡ ነው።

የአምሃን ሸክላዎች ከመረሳት ያወጣቸው ማን ነው? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ፥ በ1985 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ ብዙ ዓመት ሙዚቀኞቹን ሲፈልግ ኖረ፤ ከአቶ አምሃም ጋር ተስማምቶ በ1990ዎቹ ማብቂያ ኢትዮፒክስ የተባለውን ተከታታይ ሥራ በፓሪስ ማሳተም ጀመረ። በ2005ም የሙላቱ ዜማ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገብቶ በዓለም ተሰማ። አቶ አምሃ ይህን ሁሉ አይተው በ2021 ዐረፉ። ለፈረንሳዊው ምስጋና ይገባዋል፤ ለእኛ ግን ነቀፌታ ይገባናል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደ ተባለው፥ ባዕድ አጥቦ እስኪያሳየን ድረስ ወርቁን አላወቅነውም።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ ይህን ለሞቱት ሳይሆን ለቆሙት አቀርበዋለሁ። ዛሬ በገበያ ቀን በከተማችን መንገድ የሚያልፍ ሰው፥ ሙዚቃ በሚሞሪ እንጭናለን የሚል ጽሑፍ በየሱቁ ደጅ ያነባል። በጥቂት ብር የመቶ ዘፋኝ ድካም በጣት ጥፍር በምታህል ነገር ላይ ይጫናል፤ ከዚያ ብር ለዘፋኙ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም። በሠርጋችን የሚዘፍነውን አዝማሪ በስልክ ቀርጾ፥ ስሙን እንኳ ሳይጽፍ ለዓለም የሚበትን ወጣትም አለ። ጠይቀኸው ታውቃለህን? ብትለው ይስቅብሃል። በአገራችን ግን ሕግ አለ። በ2004 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የከዋኙን መብት ለሃምሳ ዓመት ይጠብቃል። ሕጉ ከአዲስ አበባ ግንደወይን ያልደረሰው መንገድ ስላጣ አይደለም፤ እኛ የዘፋኝን ድካም እንደ ወንዝ ውኃ ማንም የሚቀዳው አድርገን ስለምናይ ነው። የጎረቤቱን ማሳ ጤፍ የማያጭድ ጨዋ ገበሬ፥ የአዝማሪውን ድምፅ ያለ ዋጋ ሲያጭድ ኀጢአት አይመስለውም።

ስለዚህ ሱቅ ያለህ ወንድሜ፥ ስልክ የያዝህ ልጄ፥ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። የዘፋኙን ስም ጻፍ። ከመቅዳትህ በፊት ፈቃዱን ጠይቅ፤ የተስማማችሁበትንም በወረቀት አስቀምጥ። ከሸጥህ ሒሳቡን አሳየውና ድርሻውን በእጁ ስጠው። ይህን ለማድረግ የአቶ አምሃን ያህል ድፍረት አያስፈልግም፤ የሚከለክልህ ድንጋጌ የለምና። የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። እነዚህም በከተማችን ሱቅ ሁሉ ይገኛሉ።