ጆሮን የሚቆረቁር ሁሉ ስሕተት ነውን?

የአማርኛ መምህራን በተሰባሰብንበት ከማይቀሩ ወጎች አንዱ «ጆሮዬን የሚያሳምመኝ» የሚለው ነው። አንዱ «መጻሕፍቶች» ሲባል ደሙ እንደሚፈላ ይናገራል፤ ሌላው «ጠሐይ» የሚሉትን ይነቅፋል፤ ሦስተኛው «ከማድረግ አንጻር» በምትለው ሐረግ ይማረራል። እኔም ለብዙ ዓመታት ከነዚሁ ወገን ነበርሁ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሦስቱን ቅሬታዎች በየተራ ለመመዘን እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ «መጻሕፍቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» የሚሉትን እንመልከት። ነቀፌታው የታወቀ ነው፤ «መጻሕፍት» በግእዝ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «-ኦች» ሲጨመርበት ብዜቱ ይደረባል። በዚህ ምክንያት ከተማሪዎች ወረቀት ላይ ነጥብ ስቀንስ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን ግን አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «እርስዎስ ክፍል ውስጥ ‹ነገሥታት› ይሉ የለም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። «ንጉሠ ነገሥት» ከሚለው ማዕርግ እንደምንረዳው የ«ንጉሥ» ብዜት «ነገሥት» ነው። «ነገሥታት» በዚያ ላይ «-ኣት» የተደረበበት የብዙ ብዙ ነው፤ የደረበውም ግእዝ ራሱ ነው።

ታዲያ ለግእዝ የተፈቀደው ለአማርኛ የሚከለከለው ስለ ምን ነው? ግእዝ ያልተማረ ተናጋሪ «መጻሕፍት» በሚለው ቃል ውስጥ ብዜት አይሰማውም። በአፉ ሕያው የሆነው የብዜት ምዕላድ «-ኦች» ነው። ስለዚህ የሚናገረውን ቋንቋ ሕግ ተከተለ እንጂ አልጣሰም። «መጻሕፍት» የሚለውን የጽሑፍ ልማድ ማስተማር ተገቢ ነው፤ ልማዱን የማያውቀውን አላዋቂ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ የ«ጸ» እና የ«ጠ» ጉዳይ ነው። «ጠሐይ»፣ «ጠሎት» የሚል ሰው ከከተሜ ፊት ይሳቅበታል። ይሁን እንጂ ሳቂው ራሱ «ነጋ ጠባ» ይላል፤ «መስከረም ሲጠባ» ይላል። ይህ «ጠባ» የግእዙ «ጸብሐ» ነው። «ጸ» ወደ «ጠ» የተለወጠው በሁለቱም ቦታ በአንድ መንገድ ሆኖ ሳለ በአንዱ እንስቃለን፣ ሌላውን ሳናስተውል እንናገረዋለን። እንግዲያው የሚቆረቁረን ድምፁ ሳይሆን ተናጋሪው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይለያል። «ችግሩን ከመቅረፍ አንጻር ሥራዎች እየተሠሩ ይገኛሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ብንወስድ፣ የብዜትም የድምፅም እንከን አይገኝበትም። ነገር ግን ሠሪው ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? መቼስ ያልቃል? «እየተሠሩ» የሚለው ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ይሰውራል። «ለመቅረፍ» ቢባል ዓላማ ይሆናል፤ ዓላማ ያለውም ሰው ደረስህ ወይስ አልደረስህም ተብሎ ይጠየቃል። «ከመቅረፍ አንጻር» ሲባል ግን ዓላማው ወደ አቅጣጫ ይለወጣል፤ አቅጣጫ ደግሞ መድረሻ የለውም። «ቧንቧ እየዘረጋን ነው፤ በሰኔ እንጨርሳለን» የሚል ሰው በሐምሌ ይጠየቃል። የ«አንጻር» ተናጋሪ አይጠየቅም።

እንደ እኔ እምነት የሐያሲ ቁጣ የሚገባው እዚህ ነው። እስካሁን ግን ቀይ ብዕራችን የበረታው «መምህራኖች» ባለው ተማሪ ላይ ነው፤ ይልቁንም አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት በተማረው ላይ። የ«አንጻር»ን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሙሉ ነጥብ ይዞ ያልፋል። እኔ የተማሪዋን ነጥብ መልሼላታለሁ። ከእርሷ በፊት የቀነስሁባቸውን ግን የማገኝበት መንገድ የለኝም።