አርኮ፦ ከዋጋው በላይ የሚሠራ ሳሙና

አርኮን ላለመግዛት አንድ በቂ ምክንያት አለ፤ ሽታው። ወረቀቱ ገና ሳይላጥ የጠጅ ሣርና የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ቅልቅል የመሰለ ነገር አፍንጫን ይይዛል። በምዕራቡ ዓለም በብሩሽ፣ በሳሙናና በአንድ ምላጭ ብቻ የመላጨትን የድሮ ልማድ መልሰው ያነሡ ሰዎች በዚህ ሽታ ላይ ተስማምተው አያውቁም። ገሚሱ "ንጹሕ ነው" ይላል፤ ገሚሱ የወንዶች መሽኛ ውስጥ ከሚጣለው ክብ ሽቶ አይለየውም። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በኋላ የምጽፈው አብዛኛው ምስጋና ስለሆነ ነው።

አርኮ የቱርክ ሳሙና ነው። አምራቹ ኤቭያፕ እ.ኤ.አ. በ1927 በኤርዙሩም የተመሠረተ የቤተሰብ ድርጅት ሲሆን፣ ዱሩ የሚባለው የገላ ሳሙናም የእርሱ ነው። አርኮ የሚለው ስም ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። የመላጫ ሳሙናው ሣጥን የለው፣ ሳህን የለው፤ 75 ግራም የሚመዝን፣ ከአውራ ጣት ወፈር ያለ ነጭ ዘንግ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ በቃ። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዶላር ነው። በትንንሽ ቤቶች በእጅ የሚሠሩት የመላጫ ሳሙናዎች ግን 20 ዶላርን በቀላሉ ያልፋሉ። እንግዲህ ሰባት ስምንት እጥፍ የሚከፍለው ሰው ምን አግኝቶ ነው?

ሳሙና ፊት ላይ የሚሠራው ሥራ ብዙ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። ጢምን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። የጢም ጸጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ ደረቅ ሳለ አስቸጋሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ያብጣል፣ ይላላል፣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበትም በብዙ ይቀንሳል። ለዚህ ሙቅ ውሃና ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሳሙናው ጸጉሩን የሸፈነውን ወዝ አጥቦ ለውሃው መንገድ ይከፍታል፤ የገባው ውሃ እንዳይደርቅ ሸፍኖ ያቆያል፤ ምላጩንም ያንሸራትታል። ለዚህ ሁሉ ሽቶም ሆነ ከእንጨት የተቀረጸ ሣጥን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትክክለኛ ስብ ከትክክለኛ አልካሊ ጋር ነው።

አርኮም የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ዘመን የታወቀበት ቅመም የከብት ሞራ፣ ስቴሪክ አሲድና የኮኮናት ዘይት በፖታሲየምና በሶዲየም አልካሊ ወደ ሳሙና የተለወጡበት ነው። ሶዲየም ደረቅ ሳሙና ይሰጣል፤ ፖታሲየም ደግሞ ለስላሳና ቶሎ የሚሟሟ። የገላ ሳሙና ባብዛኛው በሶዲየም የሚሠራው ማስቀመጫው ላይ ቀልጦ እንዳያልቅ ነው። የመላጫ ሳሙና ግን ብሩሽ ሲነካው ወዲያው እጁን መስጠት አለበት፤ ስለዚህ ፖታሲየም ይጨመርበታል። የኮኮናት ዘይቱ አረፋውን ቶሎ ያስነሳዋል፤ ለብቻው ቢሆን ግን አረፋው ትልልቅ ሆኖ ወዲያው ይጠፋል፣ ቆዳም ያደርቃል። አረፋውን የሚያጸናው ስቴሪክ አሲዱ ነው። በሞራ የሚሠራ ውድ ሳሙና ገልብጣችሁ ዝርዝሩን ብታነቡ መጀመሪያ ላይ የምታገኟቸው ስሞች ከእነዚህ ብዙም አይለዩም። ስቴሪክ አሲድ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ሞራም የቄራ ተረፈ ምርት ነው። ዋናው ሥራ የሚሠራው በርካሽ ነገር ከሆነ ርካሹ ሳሙና ጥሩ መላጫ መሆኑ ምን ያስደንቃል? አምራቾች ቅመማቸውን ጊዜ እየጠበቁ ስለሚለውጡ ግን ስም አምኖ ከመግዛት ዝርዝሩን ማየት ይሻላል።

ርካሽ የመላጫ ሳሙና ሲባል ማንኛውም ርካሽ ሳሙና ማለት እንዳልሆነም ልብ ይባል። እኛ አገር ብዙ ወንድ መላጨት የተማረው የገላ ሳሙና ፊቱ ላይ አሽቶ ነው፤ ሲቸግር ከልብስ ሳሙናውም ቆርሶ። ያ አረፋ ምላጩ አገጭ ሳይደርስ ጉንጭ ላይ ይደርቃል። ሰውየው ምላጩ ዶልዱሟል ብሎ ይጥለዋል፣ ሌላ ያወጣል፣ ሁለተኛውም ያንኑ ያደርገዋል። በሌላ በኩል ከቆርቆሮ የሚረጨው አረፋ አለ። ጠዋት ለሚጣደፍ ሰው ምቹ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አየር የበዛበት ነው፤ ለሚሰጠው ነገር ደግሞ ከአርኮ ይወደዳል።

ወደ ዘንጉ ልመለስ። ፊት በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ሳይደርቅ ሳሙናው በቀጥታ ጢሙ ላይ፣ ከጸጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ ይታሻል፤ ከዚያ ርጥብ ብሩሽ ይከተላል። መጀመሪያ የሚነሣው አረፋ ነጭና ወፍራም ሆኖ ያማልላል፤ ብዙ ሰውም እዚያው ያቆማል። ገና ነው። የብሩሹን ጫፍ ውሃ እያስነኩ መቀጠል ያስፈልጋል፤ አረፋው የላላ እርጎ እስኪመስልና ብርሃን ሲያርፍበት እስኪያብለጨልጭ ድረስ። አርኮ ይህን ሁሉ ውሃ ሳይፈርስ ይሸከማል። ውሃ ሲያንሰው ይታገሳል፣ ሲበዛበትም ይታገሳል፤ አያያዙን የማያውቅ ሰው እንኳን የሚያበላሸው በብዙ ልፋት ነው። ሚቸልስ የሚባለውን፣ ከበግ ጸጉር የሚወጣ ስብ ያለበትን የእንግሊዝ ሳሙና ብናነጻጽር ነገሩ ይገለበጣል። የብራድፎርዱ ሚቸልስ በአፍቃሪዎቹ ዘንድ እጅግ የተከበረ ነው፤ አዲስ ሰው ግን አረፋ እምቢ እያለው ስንት ቀን ይታገለዋል። ከፍ ያለ ዋጋ ቀላል አጠቃቀምን አይገዛም።

የአርኮ ሽታ ጨርሶ አልዋጥ ያለው ሰው አውሮፓ ውስጥ ከሆነ የፓልሞሊቭን ዘንግ ይሞክር። 50 ግራም ነው፤ ዋጋውም አንድ ዩሮ ገደማ። አረፋው ከአርኮ ትንሽ ይሳሳል፤ ሽታው ግን የሰው ነው።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ የሳሙናው ሳይሆን የቧንቧው ነው። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያን ቅርፊት የሚጋግረው የውሃው ካልሲየም ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይፈጥራል፤ አረፋ ሊሆን የሚገባው ሳሙና በከንቱ ይባክናል። እዚህ ላይ የ3 ዶላሩም የ30 ዶላሩም እጣ አንድ ነው፤ ሁለቱም ከስብና ከአልካሊ የተሠሩ እውነተኛ ሳሙናዎች ናቸውና። መፍትሔው ሳሙና ማብዛት ነው፤ ሳሙናው ርካሽ ሲሆን ደግሞ ለማብዛት እጅ አይሳሳም። የክረምት የጣሪያ ውሃ ያጠራቀመ ቤት ካለ ከዚያ ግማሽ ጣሳ አሙቆ መሞከር ነው። የዝናብ ውሃ ካልሲየም ስለሌለው ሳሙናው ሌላ ሳሙና ይመስላል።

አሁን ለውዶቹ የሚገባቸውን ልስጣቸው። ከሽታ ሌላ እውነተኛ ብልጫቸው የሚታወቀው ፊት ታጥቦ ካለቀ በኋላ ነው። ማንኛውም እውነተኛ ሳሙና አልካላይን ነው፤ ፒኤች መጠኑ ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፤ የቆዳ ግን ወደ 5 የሚጠጋ ነው። ጥንቁቅ ሳሙና ሠሪ ጥቂት ስብ ሳይለወጥ ሳሙናው ውስጥ እንዲቀር ያደርጋል፤ ሲሠራ በራሱ የሚፈጠረውን ግሊሰሪን አያወጣውም፤ የሺያ ቅቤ ወይም ላኖሊን፣ ማለትም ያን የበግ ጸጉር ስብ፣ ይጨምርበታል። አርኮ እንዲህ አይንከባከብም። ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ቆዳው ትንሽ እንደ ተወጠረ ይቀራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ላይ ይህ በደንብ ይሰማል። ቆዳው በተፈጥሮው ደረቅ የሆነ ሰው ውዱን ልግዛ ቢል አልከራከረውም። ለሌላው ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን ውሃ ጠብ ተደርጎበት ያንኑ ጉድለት ይሞላል።

ውዶቹም ርካሾቹም የማይፈቱት አንድ ችግር አለ፤ አንዳንድ ሻጮች ግን እንፈታዋለን ይላሉ። ከተላጩ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አንገትና አገጭ ላይ የሚወጣው፣ ብጉር የመሰለው እብጠት ነው። እንደ እኛ ጥቅልል ጸጉር ያለው ሰው በዚህ በብዛት ይሠቃያል፤ ምክንያቱም የተቆረጠው ጸጉር ሲያድግ ተጠማዝዞ ቆዳውን መልሶ ይወጋል። ጸጉሩ ከቆዳ ወለል በታች ድረስ በተቆረጠ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፤ ሦስትና አምስት ስለት በአንድ ላይ የደረደሩት ዘመናዊ መላጫዎችም የሚታሙት በዚህ ነው። ሳሙና ጸጉሩ እንዲለሰልስ ይረዳል እንጂ ጥምዝምዙን አይለውጥም። የሚረዳው ጢምን ክርር አድርጎ አለመቁረጥ፣ በጸጉሩ አቅጣጫ አንድ ጊዜ ብቻ መላጨት፣ ሲብስ ደግሞ ምላጭን ትቶ ለጊዜው በማሽን ማሳጠር ነው፤ ካልሆነ የቆዳ ሐኪም አለ። ለዚህ ችግር ብሎ ለሳሙና 30 ዶላር የሚያወጣ ሰው ገንዘቡን ጥሏል።

ከሁሉ ደካማው የአርኮ መከራከሪያ፣ ይገርማችሁ፣ ዋጋው ነው። በአንድ መላጨት 1 ግራም ይለቅ ብንል እንኳን አንድ ዘንግ 75 ጊዜ ያገለግላል፤ በ3 ዶላር ሒሳብ ለአንድ ጊዜ 4 ሳንቲም ማለት ነው። 120 ግራም የሚመዝን የ20 ዶላር ሳሙና ደግሞ በዚያው ስሌት 17 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ልዩነቱ በዓመት ሲደመር እንኳን አንድን ሰው አያደኸይም። አርኮን የምመርጠው አረፋው ስለሚጸናና ስለማያስቸግር ነው፤ 20 ዶላር ቢሆን ኖሮ ግን ሽታውን አልችለውም ነበር። ቁጠባ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ከሳሙናው ላይ አንሥቶ ምላጩ ላይ ያድርግ። የምላጭ ነጋዴው ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1903 መሸጥ ሲጀምር ዓመቱን ሙሉ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን የሚጣለውን ምላጭ ደጋግሞ መሸጥ የት እንደሚያደርስ ዓለም አየ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ አራት ባለ አምስት ስለት መላጫ ራስ በሚገዛበት ገንዘብ አንድ መቶ ተራ ባለ ሁለት ወገን ምላጭ ይገኛል።