መሮና መላእክት

ስለ ላሊበላ የተጻፉ ግጥሞችና ተውኔቶች፣ በየበዓሉም የሚሰሙ ንግግሮች፣ ከጥቂቶቹ በቀር በአንድ በር የሚገቡ ናቸው። ደራሲው ከቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ አፋፍ ይቆማል፤ ቁልቁል ያያል፤ በአድናቆት እጁን ባፉ ይጭናል፤ ወዲያውም «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። አድናቆቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም በዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሳይታወቅ የሚፈጸም በደል አለ። ችግሩን አይቶ መላ የመታው፣ መላውንም በመሮና በመዶሻ ከድንጋይ ያወጣው ሰው ከገዛ ሥራው ይባረራል።

በደሉን በገድሉ ላይ ማላከክ የተለመደ ነው። «ገድለ ላሊበላ መላእክት ሠሩት ካለ ደራሲ ምን ያድርግ?» የሚል መልስ ይሰማል። ገድሉን ገልጦ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ዡል ፔሩሾን ከፊሉን በ1892 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ፓሪስ ላይ ያሳተመው ይህ የግዕዝ መጽሐፍ፣ ንጉሡ አስቀድሞ ለጠረባና ለፍልፈላ የሚሆኑ ብዙ የብረት መሣሪያዎች እንዳሠራ፣ መሬቱንም ከባለቤቶቹ በወርቅ እንደ ገዛ ይተርካል። ሠራተኞቹንም ሰብስቦ፣ ድንጋይ ጠራቢውም ሆነ አፈር አውጪው የሚሻውን ደመወዝ በገዛ አፉ እንዲናገር ጠይቆ፣ ያሉትን ይከፍል እንደ ነበር ይገልጻል። መላእክቱ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሰዎቹ ቀን አንድ ክንድ ይሠራሉ፤ መላእክቱ ሌሊት ሦስት ክንድ ይጨምሩበታል። የገድሉ ጸሐፊ ለሒሳብ ጠንቃቃ ነበረ፤ ከአራቱ ክንድ አንዲቱን ለሰው ትቶለታል። ያችን አንዲት ክንድ የነጠቁት በኋላ የመጡት አድናቂዎች ናቸው።

ነጠቃው ከውጭም መጥቷል። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያየውን ቢጽፍ የሚያምነው እንደማይኖር በመስጋት ገለጻውን አሳጥሮ እንደ ተወ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ተናግሯል። ሥራው በ24 ዓመት እንዳለቀና ሠሪዎቹም ነጮች እንደ ነበሩ የሀገሩ ሰዎች ነገሩኝ ይላል። አንዱ ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ባሕር ማዶ ያመለክታል፤ ጠራቢው የላስታ ሰው እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል።

የዘመኑ ተመራማሪዎች አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ንጉሥ ዘመን ተጀምረው ተፈጸሙ የሚለውን ሐሳብ እየተዉት መጥተዋል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ፊሊፕሰን ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል አስቀድመው ለሌላ አገልግሎት የተፈለፈሉ ናቸው ብሏል። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ አጥኚዎችም ከፍልፈላው የወጣውን የፍርስራሽ ክምር ሳይቀር መርምረው፣ ሥራው በየደረጃው የተካሄደ መሆኑን አሳይተዋል። አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህ የንጉሡን ክብር የሚቀንስ አይደለም። የሚነግረን ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ፣ እየተሳሳተ የታረመ ሙያ በዚያ ተራራ ላይ እንደ ነበረ ነው።

ለመሆኑ ሙያው የገጠመው ችግር ምን ነበር? ግንብ የሚገነባ ሰው ከመሠረት ይነሣል፤ ድንጋይ የተሳነጠቀበት እንደ ሆነ አውጥቶ ሌላ ይተካል። የሮሃ ጠራቢ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። በመጀመሪያ አለቱን ዙሪያውን በጉድብ ቆርጦ ከተራራው ይለየዋል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ውጩን ያወጣል፤ በመስኮቱና በበሩ ገብቶ ደግሞ ሆዱን ይፈለፍላል። ዓምዱ የሚቆመው ባለመነካቱ ነው። አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ያረፈ መሮ የወሰደውን የሚመልስ ጥበብ የለም። ስለዚህ 33 ሜትር ከሚያልፍ ርዝመት ጋር ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ዓምዱና ቅስቱ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ፣ ገና አለቱ ሳይነካ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተሠርቶ ያለቀ መሆን ነበረበት። ተውኔት ደራሲ ቢያስተውለው የሚቀናበት ነገር ነው።

ከዚህ የሚከብደው ችግር ግን ውኃ ነው። በጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤት፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ፣ ሌላ ስሙ የውኃ ጉድጓድ ነው። የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ወደ 12 ሜትር ይጠልቃል፤ የላስታ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አለቱም ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ለስላሳ ድንጋይ በመሆኑ ለመሮ እንደሚመች ሁሉ ለውኃም ይመቻል፤ ውኃ ይመጠምጣል፤ ይበሰብሳል። ጠራቢዎቹ ይህን ያወቁት ከመጀመሪያው ነው። ጉድቦቹን፣ ቦዮቹንና መተላለፊያዎቹን እርስ በርሳቸው አያይዘው፣ ዝናቡ ከየግቢው ተሰብስቦ ቁልቁል እንዲወርድ አደረጉ። ዛሬ ጎብኚ «የምስጢር መንገድ» እያለ የሚያልፍባቸው ጠባብ ጉድቦች ለካህኑ መንገድ፣ ለጎርፉ መውረጃ ሆነው በአንድ ጊዜ ያገለግላሉ። ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ መስቀል እልፍ ስንኝ ተገጥሟል፤ ስለ ቦዩ የገጠመ ማን ነው? ቦዩ ባይኖር መስቀሉ ከኩሬ መካከል በተገኘ ነበር።

ችግሩ ካለፈ በኋላ መላው ጌጥ ሆኖ የሚኖርበትም ጊዜ አለ። በአክሱም ዘመን ግንበኞች በድንጋይና በጭቃ የሠሩት ግድግዳ እንዳይፈርስ የእንጨት አግዳሚ በመሐል እያስገቡ ያስሩት ነበር፤ እንጨቶቹን የሚያቆላልፉት ግንዶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ስለሚታይ «የዝንጀሮ ራስ» ተባለ። ደብረ ዳሞ ላይ ይህ ይታያል፤ በላስታም በዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ በዚሁ ስልት እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የቆመ ነው። ቤተ አማኑኤልን የፈለፈለው ሰው ማሰሪያ እንጨት አላስፈለገውም፤ ግድግዳው ከተራራው አንድ አካል ነው። እርሱ ግን የእንጨቱን ረድፍ፣ ገባ ወጣ እያደረገ፣ በድንጋዩ ላይ ቀረጸው። ይህን አንዳንዶች ባዶ ቅጂ ይሉታል። ፍርዱ የተቻኮለ ነው። ገጣሚ የአባቶቹን ቤት አመታት በአዲስ ጉዳይ ላይ ሲያውለው ቀዳ እንደማይባል ሁሉ፣ ጠራቢውም ከእርሱ በፊት ቤት ያቆሙትን ሰዎች ስም የጠራው በሚያውቀው ቋንቋ ነበር።

ገድሉ ወደሚጠቅሳቸው የብረት መሣሪያዎች እንመለስ። መሮ ከሰማይ አይወርድም፤ ከወናፍና ከመዶሻ ይወለዳል። እንደዚያ ባለ ሥራ ላይ የሚውል መሮ ቶሎ ይደንዛል፤ እየተመላለሰ ወደ እሳት መግባት አለበት። ስለዚህ ከጠራቢው ጀርባ ቀጥቃጩ ነበረ። ለላስታ ገበሬ ማረሻና ማጭድ፣ ለባልቴቷ ቢላዋ የሚሠራውም ይኸው የቀጥቃጭ ሙያ ነው። ሀገሬው ግን የእጁን ሥራ እየተጠቀመ ሰውየውን «ቡዳ» አለው፤ ልጁን ለልጁ አልሰጥም አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። «ይህ የሰው ሥራ አይደለም» የሚለው ውዳሴና «ይህ የቡዳ ሥራ ነው» የሚለው ስድብ ከአንድ ማድጋ የተቀዱ ይመስላሉ፤ አንዱ ባለ እጁን ያለ ልክ ከፍ አድርጎ ያጠፋዋል፤ ሌላው ያለ ልክ ያዋርደዋል። የላስታን ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ጎጆ ማን እንደ ፈጠረው ጠይቆ የጻፈ ደራሲ አለመኖሩም ከዚሁ የመጣ ነው። በቀዩ ድንጋይ የተሠራው ያ ጎጆ ለመልአክ አልበቃም፤ ለሰውም አልተሰጠም፤ በቆርቆሮ ክዳን እየተተካ ሄደ።

ነገሩ የሥነ ጽሑፍ ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የሥራውን ሐሳብ ሳያነብ ሥራውን የሚወድ ሰው ሊጠግነው ሲነሣ ያበላሸዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አለቱን ከዝናብ እናድን ያሉ ጠጋኞች ሬንጅና ቀለም ለበጡበት፤ ድንጋዩ የመጠጠውን ውኃ ወደ ውጭ መተንፈስ አቃተው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጥገናውን የመራው ኢጣሊያዊ የኪነ ሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ ያን ልባስ አስላጠ፤ በደለል የተደፈኑትንም ጉድቦች አስጠረገ። የጠራቢዎቹን አሳብ አንብቦ ነበርና ውኃውን በጥንት መንገዱ መለሰው።

በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአራት ቦታ ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ቆሙ፤ ከሥራቸው ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ተሸፈኑ። ዝናብን ስለ መከልከላቸው መካድ አይገባም። ለጊዜው የተባሉት ግን ከታሰበላቸው ዘመን አልፈው ቆዩ፤ ክብደታቸው ያሳሰባቸው የላሊበላ ነዋሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. አደባባይ ወጡ። ሌላ መንገድ አለመኖሩ አይደለም። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስንጥቁን በእጃቸው ደፍነዋል። መዶሻና መሮ የያዘ የላስታ ሰው እንደገና በዚያ አለት ላይ ታየ ማለት ነው፤ ይህን ትዕይንት ግን እስካሁን መድረክ ላይ ያወጣው የለም።

ቤተ ጊዮርጊስ ያለ መጠለያ ቆሟል። በሐምሌ ካህናቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጉድቡ ሲወርዱ፣ ጎርፉም ከእግራቸው ሥር በዚያው በተጠረበለት መንገድ ይወርዳል።