«ታትሟል» ወይስ «ተቀርጿል»? በቀድሞ ማይክሮፕሮሰሰሮች ሽፋን ላይ ስለሚገኙ ጽሑፎች አሰያየም

በቀድሞ ማይክሮፕሮሰሰሮች ሽፋን ላይ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና የምርት ጊዜ መለያ ይነበባሉ። ጽሑፎቹ እንዴት እንደሰፈሩ በአማርኛ ሲገለጽ ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ «ታትሟል» ይባላል። ግሡ ስሕተት ነው አንልም። የምንነቅፈው በአሠራርም በውጤትም የተለያዩ ሁለት ተግባራትን አንድ አድርጎ ማስቀረቱን ነው።

የመጀመሪያው በቀለም የሚፈጸመው ነው። በአንደኛው የተለመደ ዘዴ፣ ፊደሎቹ ጎድጉደው በተቀረጹበት ሰሌዳ ላይ ቀለም ይቀባና ትርፉ ይጠረጋል፤ ለስላሳ የሲሊኮን ትራስም በጎድጓዳው የቀረውን ቀለም አንሥቶ በሴራሚኩ ወይም በፕላስቲኩ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ቀለሙ በሙቀት ወይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንዲጠነክር ይደረጋል። «ኀተመ» በግእዝ ማሸግንና በማኅተም ማጽናትን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ከመጽሐፍ ኅትመት ይልቅ ለግሡ ጥንተ ትርጉም የቀረበ ነው ለማለት ይቻላል። እዚህ ላይ «ማተም» ቦታውን አግኝቷል።

ሁለተኛው በሌዘር የሚፈጸመው ነው። በዚህ ጊዜ የሚጨመር ቀለም የለም፤ የጨረሩ ሙቀት የሽፋኑን ገጽ በስሱ ያነሣዋል ወይም መልኩን ይለውጠዋል። በአሠራር ረገድ ከብትን በጋለ ብረት ከመተኮስ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን «በጨረር ተተኮሰ» ብንል አንባቢው የሚያስበው የጦር መሣሪያን ነው፤ ስም ላውጣ የሚልም «ተኩስ»፣ «ትኩስ»ና «ትኩሳት» አስቀድመው በሌላ ትርጉም መያዛቸውን ያያል። «ንቅሳት» ለጆሮ ያማረ ቢሆንም ቀለም ወደ ውስጥ ማስገባትን ስለሚያሰማ እውነታውን ይገለብጠዋል። «መፈልፈል» የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት እንጂ በዓይን እምብዛም የማይለይ ጥልቀትን አያስታውስም። የቀረን «መቅረጽ» ነው። እርሱም ቢሆን ከሸክም ነጻ አይደለም፤ «ቅርጽ»፣ «ቀረጻ»ና «ቅርጸት» ሁሉም ባለቤት አላቸው። ሆኖም በድንጋይ ላይ ለተቀረጸ ጽሑፍ ከቆየው አጠራር ጋር ስለሚስማማ፣ ስም ለማውጣት ሳንታገል «በሌዘር የተቀረጸ ጽሑፍ» ብንል እንመርጣለን።

ልዩነቱ ለቃላት አፍቃሪ ብቻ የሚተርፍ አይደለም። አጭበርባሪዎች የአሮጌን ማይክሮፕሮሰሰር ፕላስቲክ ፍቀው፣ ጥቁር ቀለም ቀብተው፣ የሌላ ሞዴል ቁጥር ያሰፍሩበታል። መርማሪው በአሴቶን ሲያሸው ሐሰተኛው ቅብ ሊለቅ ይችላል። «የታተመው ለቀቀ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የለቀቀው ፊደሉ ይሁን ቅቡ አይነግረንም። የፊደሉ ቀለም መልቀቅ ብቻውን ማጭበርበርን አያረጋግጥም፤ የቅቡ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ኤም አይ ኤል-ኤስ ቲ ዲ-883 የተባለው የአሜሪካ ወታደራዊ ደረጃም በ2015ኛ ዘዴው የሚፈትነው ጽሑፉ በተወሰኑ ፈሳሾች ሲታሽ መጽናቱን ነው፤ የተጠቀሰው ፈሳሽ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ መተርጎም ፈተናውን ከንቱ ያደርገዋል።

በሽፋን ላይ ያለ ጥቂት ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚከብድ የኢንቴል 80386 ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1987 አንዳንዶቹ በ32 ቢት ማባዛት እንደሚሳሳቱ ታወቀ። ፈተናውን ያለፉት ሁለት የሲግማ ፊደላት ተደረጉባቸው፤ የወደቁት ደግሞ «ለ16 ቢት ሶፍትዌር ብቻ» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሰፍሮባቸው ተሸጡ። ገዢው ደኅናውን ከጉድለተኛው በዓይኑ የሚለየው በዚያ ጽሑፍ ነበር።

ስለ አሰፋፈሩ ይህን ካልን፣ ስለ ይዘቱም አንድ ነገር እናክላለን። በኋላ ዘመን በወጡ አንዳንድ የኤ ኤም ዲ ማይክሮፕሮሰሰሮች ላይ ሲሊኮኑ የተሠራበት አገር ጀርመን፣ የተገጣጠመበት ማሌዥያ ተብሎ ተጽፏል። ለፊተኛው የገባው የእንግሊዝኛ ቃል ባዕድ አተሞች በሙቀት ወደ ሲሊኮን ዘልቀው የሚገቡበትን ሂደት የሚጠራ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ «በጀርመን የተሰራጨ» የሚል ተርጓሚ አምራቹን አከፋፋይ ያደርገዋል። «ሲሊኮኑ በጀርመን የተሠራ፣ በማሌዥያ የተገጣጠመ» ማለት ይበቃል።