ስሟ የእርሷ፣ ፊቱ የሌላ

ባለፈው ክረምት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ አካባቢ፣ ቁርኣን ያኸተሙ 30 ሕፃናት ሲመረቁ ታድሜ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት የአሥር ሴኮንድ ማስተዋወቂያ ቪዲዮ ግድግዳው ላይ ይታያል፤ ወርቃማ ፋኖስ ይወዛወዛል፣ ጨረቃ ትወጣለች፣ ከዚያም ስምና ፎቶግራፍ ብቅ ይላል። ማማሩን አልክድም፤ አዳራሹ በተክቢራ ደምቆ ነበር። አራተኛዋ ልጅ ስሟ ሲወጣ ግን ከሥሩ የታየው የአንድ ወንድ ልጅ ፊት ነው። ልጅቷ ግድግዳውን አየች፣ እናቷን አየች፣ መድረክ ሳትወጣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከእርሷ በኋላ የተጠሩትም ሁሉ ቀድሟቸው የተጠራውን ልጅ ምስል ይዘው ወጡ።

ስህተቱ ከወዴት መጣ? አሠራሩን ጠይቄ ተረዳሁ። ቪዲዮው አንድ ጊዜ የተዘጋጀ ቴምፕሌት ነው። ስሞቹ በኤክሴል ሰንጠረዥ ይሰፍራሉ፣ ፎቶዎቹ በተራ ቁጥር ይቀመጣሉ፣ ኮምፒዩተሩም አንዱን ረድፍ ከአንዱ ፎቶ ጋር እያጣመረ ሁሉንም ያወጣል። አራተኛው ልጅ ሠፈር ለቅቆ ስለ ነበር ስሙ ከሰንጠረዡ ተሠረዘ፤ ፎቶው ግን ቀረ። ኮምፒዩተሩ ቁጠር ተባለ፣ ቆጠረ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን የምለው ዘዴውን ለማጣጣል አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በሰፊው የሚያገለግለው አፍተር ኢፌክትስ የተባለው ፕሮግራም በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1994 በአዶቤ እጅ ገባ። አንድ ባለሙያ 30 ጊዜ ስም እየለወጠ የሚያድርበትን ሥራ ዛሬ ሰንጠረዥና ቴምፕሌት ያቀልሉታል። ይህ ኒዕማ ነው።

ይሁን እንጂ ቴምፕሌቱን የሠራው ሰው ብዙውን ጊዜ እኛን አያውቅም። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ቦታ ይተዋል፤ በእኛ ዘንድ ሁለተኛው የአባት ስም ነው፣ ሙሽራይቱም ብታገባ በአባቷ ስም ትጠራለች። በኒካሕ ቪዲዮ ላይ በባሏ ስም ከተጻፈች ነሰቧ ተለወጠ ማለት ነው። ወርን እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ሰንጠረዥም ጳጉሜን ቦታ ያሳጣታል። በፕሮግራሙ ውስጥ የዐረብኛው አማራጭ ካልተመረጠ ደግሞ ቢስሚላህ ፊደሉ ተነጣጥሎና ተገልብጦ ይወጣል። ፋኖሱስ ቢሆን? የግብፆች የረመዷን ማስጌጫ ነው። አያቶቻችን ፊደል የለዩበት የእንጨት ሎህ ግን በዚያ ቪዲዮ ውስጥ የለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፎቶው በተራ ቁጥር መሰየሙ ቀርቶ በልጁ የምዝገባ መለያ ይሰየም፤ ያው መለያ በሰንጠረዡም ከስሙ ጎን ይጻፍ። ከሁሉም በላይ፣ ልጆቹን በመልክ የሚያውቅ ኡስታዝ ቪዲዮውን ከምርቃቱ በፊት እስከ መጨረሻው ይመልከተው። ስም አማና ነው፤ አማናም ለማሽን ተሰጥቶ አይረሳም። 30 ልጅ በአሥር ሴኮንድ አምስት ደቂቃ ነው። እኛ ለዚያች ልጅ የነፈግናት ይህችኑ አምስት ደቂቃ ነበር።

ወላሁ አዕለም።