ለብርቱ ቅዝቃዜ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ

ለአንታርክቲካ የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ የሚነድፍ መሐንዲስ ከሁሉ በፊት የሚያነበው የዕቃዎቹን የሙቀት ወሰን ነው። ተራ ቺፖች ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ለፋብሪካ የሚሠሩት ከ−40 እስከ 85፣ ለወታደራዊ አገልግሎት የሚሠሩት ከ−55 እስከ 125 ዋስትና አላቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 በቮስቶክ ጣቢያ የተመዘገበው −89.2 ግን ከሦስቱም ወሰን በታች ነው።

ሲሊከኑ እንኳ ብርዱን ይችላል፤ ቀድሞ የሚከዳው አብዛኛውን ጊዜ በዙሪያው ያለው ነው። የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ፈሳሽ እየወፈረ ሲሄድ ካፓሲተሩ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ ይመነምናል፤ ስለዚህ በታንታለም ወይም በሴራሚክ ይተካል። ተራ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ሽቦ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። የሊቲየም አዮን ባትሪ ከዜሮ በታች ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ ብረት ሆኖ አኖዱ ላይ ይለጠፋል፤ ጉዳቱም በአብዛኛው አይድንም። የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ከሆነ እስከ −50 ገደማ አይረጋም፤ ባዶው ግን አሲዱ ስለሚቀጥን በቀላሉ በረዶ ሆኖ ሳጥኑን ይሰነጥቃል።

ሰዓትም ይዘገያል። በ25 ዲግሪ የተስተካከለ ባለ 32,768 ሄርዝ ኳርትዝ −25 ላይ በቀን ሰባት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ −75 ላይ ግን ግማሽ ደቂቃ ይደርሳል። የሙቀት ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። ለብቻው የሚመዘግብ ጣቢያ ይህን በሙቀት መለኪያው ንባብ ካላረመ የክረምቱ መረጃ ሁሉ ሰዓቱን ይስታል።

ሌላው መንገድ ብርዱን ከነጭራሹ አለማስገባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ማርስ ላይ ያረፉት ስፒሪትና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ተሽከርካሪ ሮቦቶች ባትሪያቸውንና ኮምፒውተራቸውን በኤሮጄል በተሸፈነ ሳጥን ይዘው ነበር፤ በውስጡም እያንዳንዳቸው አንድ ዋት ገደማ የሚሰጡ የፕሉቶኒየም ማሞቂያዎች ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ከባዶ መነሳት ነው። በሥራ ላይ ያለ መሣሪያ የራሱ ኃይል ያሞቀዋል፤ ኃይል ተቋርጦበት ሲነቃ ግን ሁሉም ክፍል ከውጭው አየር እኩል በርዷል። ስለዚህ ፈተናው መሣሪያውን አጥፍቶ፣ በማቀዝቀዣ ክፍል አሳድሮ፣ እዚያው በብርዱ ማስነሳት ነው፤ እየሠራ ማቀዝቀዝ ብቻውን አያስተማምንም። ጥሩ ንድፍ ደግሞ መጀመሪያ የሚነቃውን ክፍል ቀላል ያደርጋል፦ አንዲት ትንሽ ሰርኪዩት ባትሪውን ታሞቃለች፣ ሙቀቱ ሲበቃ ፕሮሰሰሩን ታስነሳለች።

ለጥገና ወደ ሞቃት ክፍል የሚገባ መሣሪያ ገና በደጅ ሳለ በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጋል፤ እስኪሞቅም አይከፈትም፤ አለዚያ የክፍሉ እርጥበት ቦርዱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል።